ተራራን ከመቧጠጥ በፊት ዓለቱን ማንበብ

በሐዋሳ ከተማ የሚማር ተማሪ ታቦር ተራራን አንድ ቀን እንኳ ሳይወጣ ትምህርቱን ይጨርሳል ማለት ያዳግታል። ከአሞራ ገደል ዓሣ በልቶ ወደ ታቦር አናት ማቅናት፣ ከዚያም ሐይቁን በአንድ ወገን ከተማዋን በሌላው ወገን መመልከት የቆየ ልማድ ነው። እኛም በተማሪነት ዘመናችን ከጓደኞቻችን ጋር ይህንኑ አድርገናል። ሆኖም አንድ ቀን የተለመደውን የእግር መንገድ ትተን በድንጋዩ በኩል አቋራጭ ያዝን። ስንወጣ እየተሳሳቅን ነበር። ስንመለስ ግን ከመካከላችን አንዱ የጨበጠው ድንጋይ ተነቅሎ በእጁ ቀረ፤ ድንጋዩም ከእጁ አምልጦ ከታች ባሉት ጓደኞቻችን አጠገብ እየተንከባለለ አለፈ። ጉዳቱ ከጉልበት መላላጥ ባያልፍም፣ ወደ ላይ ስንወጣ ያላስተዋልነውን ገደል ወደ ታች ስንመለከት አየነው።

ይህ አጋጣሚ አንድ ጥያቄ አስነሣብን። ይህን ያህል ትንሽ ተራራ እንዲህ ካስደነገጠን፣ የአንድን ተራራ መንገድ ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርገው ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በሥነ ምድርና በፊዚክስ ዕውቀት ለመመለስ እንሞክራለን።

ከፍታና ክብደት አንድ አይደሉም

በመጀመሪያ ሁለት ተራራዎችን እናነጻጽር። አንደኛው በሰሜን ዌልስ የሚገኘው ትረቫን ነው። የዚህ ተራራ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 917.5 ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ጫፉ ከሐዋሳ ሐይቅ ወለል እንኳ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ሁለተኛው የአገራችን ከፍተኛ ቦታ ራስ ደጀን ሲሆን፣ ከፍታው 4,550 ሜትር ገደማ በመሆኑ የትረቫንን አምስት እጥፍ ያህላል።

ይሁን እንጂ በሰሜናዊው ተረተር ትረቫንን የሚወጣ ሰው እጁን ሳይጠቀም ከጫፉ አይደርስም። ይህ ዓይነቱ ጉዞ በእግር ከመሄድ የከበደ፣ በገመድ ገደል ከመውጣት ደግሞ የቀለለ በመሆኑ፣ በአማርኛ “መቧጠጥ” የሚለው ቃል በትክክል ይገልጸዋል። በብሪታንያ የዚህ ዓይነት መንገዶች ከ1 እስከ 3 ባሉ ደረጃዎች ይመደባሉ። የትረቫን ሰሜናዊ ተረተር ከሁሉ ቀላል በሆነው በደረጃ 1 የሚመደብ ሲሆን፣ እንዲያም ሆኖ መንገድ የሳተ ሰው በፍጥነት ወደ አስጊ ገደል ሊገባ ይችላል።

በአንጻሩ የራስ ደጀን የተለመደ መንገድ በአብዛኛው የእግር ጉዞ ነው። ተጓዡ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጎ የቧሂትን መተላለፊያ ይሻገራል። ከዚያም ወደ መሸሃ ወንዝ በረጅሙ ቁልቁለት ወርዶ እንደገና ወደ አምቢቆ ይወጣል። እጅ የሚያስፈልገው በመጨረሻው ጫፍ ላይ ባለው አጭር ዓለት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ፈረንሳውያኑ መኮንኖች ፌሬና ጋሊኒየር ራስ ደጀንን መውጣታቸው ተመዝግቧል፤ የአካባቢው ሰው ግን ከዚያ በፊትም በዚያ ከፍታ ከብት ሲያሰማራ ኖሯል። ስለዚህ ከፍታ ብቻውን የመንገዱን ክብደት አይነግረንም።

መንገዱን የሚሠራው ዓለቱ ነው

የስሜን ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ በወጣ ቅልጥ ዓለት ተገነቡ። ቅልጥ ዓለቱ በየጊዜው እየፈሰሰ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ ረጋ። ጠንካራው ንብርብር ቀጥ ያለ ገደል ሲሆን፣ ለስላሳው ደግሞ ተሸርሽሮ ሰውና ከብት የሚያስኬድ እርከን ሆነ። ባዝልት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰነጠቅ፣ ውኃና ብርድ በስንጥቁ እየገቡ ይፈነቅሉታል። በዚህ ምክንያት በባዝልት ገደል ላይ ጽኑ የሚመስል ድንጋይ ሲጨብጡት ሊነቀል ይችላል።

በትግራይ በገርዓልታ ያለው ዓለት ግን የተለየ ነው። እርሱ ከስሜን እሳተ ገሞራ እጅግ ቀደም ብሎ የተከማቸ አሸዋ ድንጋይ ነው። ወደ አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ምእመናን ጫማቸውን አውልቀው፣ በዓለቱ ላይ ያሉትን የእጅና የእግር ማሳረፊያዎች እየያዙ ይቧጥጣሉ። ሻካራው ደረቅ ድንጋይ ባዶ እግርን አጥብቆ ይይዛል። በደብረ ዳሞ ደግሞ ቀጥ ባለው ግንብ መሰል ዓለት ላይ 15 ሜትር ያህል በገመድ ይወጣል። በዚያ ወጪው ከሚጨብጠው ገመድ ሌላ፣ ከላይ ባሉ ሰዎች የሚያዝ ሁለተኛ ገመድ በወገቡ ይታሰርለታል። የዘመናችን ገደል ወጪዎች የሚጠቀሙበት መሠረታዊ የደኅንነት መርሕም ይኸው ነው፤ ይኸውም አንዱ ሲወጣ ሌላው ይይዘዋል።

ትረቫን በበኩሉ ከ450 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በነበረ እሳተ ገሞራ የተፈጠረ ሲሆን፣ በበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ጎኖቹን ሞርዶታል። የላላውን በረዶው ጠርጎ፣ የጠነከረውን አስቀርቷል። ተረተሩ ሹልና ወጣ ገባ የሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

የሰበቃ ትምህርት በአንድ ጫማ

አሁን ወደ ፊዚክስ እንለፍ። አንድ ጫማ በጣውላ ላይ አስቀምጡና ጣውላውን ቀስ በቀስ አዘንብሉት። ጫማው መንሸራተት የሚጀምርበትን ዘዌ ለኩ። የዚህ ዘዌ ታንጀንት በጫማውና በጣውላው መካከል ካለው የሰበቃ ኮፊሸንት ጋር እኩል ነው። ኮፊሸንቱ 0.8 ነው ብንል፣ ጫማው እስከ 39 ዲግሪ ገደማ ይቆማል። ጣውላው ርሶ ኮፊሸንቱ ወደ 0.4 ቢወርድ ግን ከ22 ዲግሪ በኋላ ይንሸራተታል። የሰውየው ክብደት በስሌቱ ውስጥ እንደማይገባ ልብ ይሏል፤ ወፍራሙም ቀጭኑም በአንድ ዘዌ ይንሸራተታሉ።

ከዚህ የምንረዳው ጠዋት በደረቅ ዓለት ላይ በሰላም የወጣንበት መንገድ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ከጣለበት ሌላ መንገድ እንደሚሆን ነው። ዓለቱ ከዚህ ዘዌ በላይ ቀጥ ሲል ለስላሳው ገጽ ብቻውን አይበቃም፤ እግር የሚያርፍበት ጠርዝና እጅ የሚጨብጠው ስንጥቅ ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ዘወትር ዓለቱን ይዘው፣ አንዱ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ድንጋይን ከመጨበጥ በፊት በመዳፍ መታ ማድረግም ይገባል፤ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ መተው ይሻላል። የሚጨበጠውንም ድንጋይ ወደ ራስ መጎተት ሳይሆን ወደ ታች መጫን ይመረጣል።

የስሕተት ዋጋ ምን ያህል ነው? ከ5 ሜትር የወደቀ ሰው መሬት የሚደርሰው በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ነው። ከ20 ሜትር ከሆነ ፍጥነቱ 71 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ቁልቁለትና አየር

የእኛ ጓደኛ የተቸገረው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነበር። ይህም በአጋጣሚ አይደለም። ሲወጡ እጅ የሚይዘው ቦታ በዓይን ፊት ነው፤ ሲወርዱ ግን እግር የሚያርፍበት ቦታ ከሰውነት በታች ተሰውሯል። በተጨማሪም የጭን ጡንቻ እየተሳበ ክብደትን መግታት ስላለበት በቶሎ ይዝላል። ስለዚህ ልንወርደው የማንችለውን ዓለት ባንወጣው ይመረጣል። ቀጥ ባለ ቦታም ፊትን ወደ ዓለቱ መልሶ መውረድ ይገባል።

ራስ ደጀንን የመሰለ ተራራ ደግሞ ዓለቱ ቢገራም ሌላ ፈተና አለው። የአየር ግፊት በሐዋሳ ከፍታ በባሕር ወለል ካለው 81 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በራስ ደጀን ጫፍ ወደ 57 በመቶ ይወርዳል። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጂን ድርሻ 21 በመቶ እንደሆነ ቢቆይም፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው መጠን ይቀንሳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲታዩ ጉዞውን ማቆም፣ ከባሰ ወይም መደነቃቀፍ ከታየ ደግሞ ወዲያውኑ መውረድ ያስፈልጋል። ሙቀቱም በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚቀንስ፣ የራስ ደጀን ጫፍ ከሐዋሳ በ18 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። የደከመና የበረደው ሰው ደግሞ ቀላሉን ዓለት ይስታል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው የአንድን መንገድ ክብደት የሚወስነው የተራራው ቁመት ብቻ ሳይሆን የዓለቱ አፈጣጠር፣ ዘዌው፣ እርጥበቱና የወጪው አቅም ነው። ታቦር ትንሽ ነው ብሎ መናቅ፣ ራስ ደጀን ትልቅ ነው ብሎ መፍራት ሁለቱም ዓለቱን ካለማንበብ ይመጣሉ። እንግዲህ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ታቦር የምትወጡ ተማሪዎች፣ የተረገጠውን መንገድ ያዙ፤ በየመንገዱ ግን ቆም እያላችሁ የትኛው ድንጋይ ጽኑ፣ የትኛው ልል እንደሆነ መርምሩ። ከዚያ በኋላ ወደ ረጅሙ ተራራ ብትሄዱ የአካባቢውን ሰላምና የአየሩን ሁኔታ ጠይቃችሁ፣ መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ፣ በማለዳ ተነሡ። የወጣ ሁሉ በሰላም ሲመለስ ነው ተራራው ተወጣ የሚባለው።