«ቪዛ አያስፈልግም» ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ቀን የማታው ትምህርት ሊያልቅ ሲል አንድ ጎልማሳ የከብት ነጋዴ እጃቸውን አወጡ። «ልጆቼ፣ ወደ ኬንያ ለመሄድ ቪዛ አያስፈልግም ብላችሁ አንብባችሁልን ነበር። እንዲህ ከሆነ የወንድሜ ልጅ ምን አጥፍቶ ታሰረ?» አሉን። ልጁ ወሬውን ሰምቶ የቀበሌ መታወቂያውን ብቻ በኪሱ ይዞ፣ ለደላላ ገንዘብ ከፍሎ፣ በሌሊት በጫካ ተሻገረ። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ኬላ ጠባቂዎች ያዙት። እኛ ያን ዕለት አጥጋቢ መልስ አልነበረንም፤ እርስ በርሳችን ተያየን። ቃሉን አንብበን ትርጉሙን ሳናስረዳ ማለፋችን የእኛም ጥፋት ነበር። ይህን ትምህርት የጻፍነው ከዚያ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት እንለይ። ፓስፖርት የራሳችን አገር መንግሥት ለዜጋው የሚሰጠው ደብተር ሲሆን የማን አገር ሰው መሆናችንን ይመሰክራል። ቪዛ ደግሞ የምንሄድበት አገር መንግሥት የሚሰጠን የመግቢያ ፈቃድ ነው። በቤት ብንመስለው፣ እንግዳ በር ሲያንኳኳ «ማነው?» ይባላል፤ እሱም «እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም «ይግቡ» ይላል። «የእገሌ ልጅ ነኝ» የሚለው ፓስፖርት ነው፤ «ይግቡ» የሚለው ቪዛ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ እንዲጎበኛኙ ስለተስማሙ «ይግቡ» የሚለው ቃል አስቀድሞ ተነግሯል። «ማነው?» የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም። ፓስፖርት የሌለው መልስ የለውም።

በሞያሌ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ግቢ የሚሠሩበት የጋራ የድንበር መቆጣጠሪያ ጣቢያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ተመርቋል። እዚያ የኢትዮጵያው ሠራተኛ የመውጫ ማኅተም፣ የኬንያው ደግሞ የመግቢያ ማኅተም ይመታል። ሁለቱም መኖራቸውን ገልጣችሁ እዩ። በመግቢያው ማኅተም ላይ ስንት ቀን እንደተፈቀደላችሁ ይጻፋል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ቁጥር ነው። ሠራተኛው «ምን ልትሠሩ መጣችሁ? የት ታርፋላችሁ? መቼ ትመለሳላችሁ?» ብሎ ቢጠይቅ አትደንግጡ፤ ሥራው ነው። የምታርፉበትን ቤት አድራሻ ጽፋችሁ ያዙ።

ያለ ቪዛ የተፈቀደው ጉብኝት ነው። ዘመድ መጠየቅ፣ አገር ማየት ይቻላል። ተቀጥሮ መሥራት ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል። ስምምነቱም የሚሠራው ለኬንያ ነው፤ ከኬንያ አልፎ ወደ ሌላ አገር አያሻግርም። ብዙ ወጣት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ደላላው «እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በነጻ ነው» ይላል። ደቡብ አፍሪካ ግን ከኢትዮጵያዊ ቪዛ ትጠይቃለች። እንዲህ የሚል ሰው ፓስፖርታችሁን «እኔ ልያዝላችሁ» ካለ ከዚያው ከደጃፉ ተመለሱ።

ደንብም ይለወጣል። ለምሳሌ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ቪዛን ትታ መንገደኛ ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የሚሞላው ፈቃድ አወጣች፤ በ2025 ደግሞ ከአብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ዜጎች ላይ አነሳችው። አምና የሄደ ጎረቤት የነገራችሁ ለዘንድሮ ላይሠራ ይችላልና ከመነሳታችሁ በፊት ኢሚግሬሽንን ወይም ኤምባሲውን ጠይቁ። ሌላው አስፈላጊ ወረቀት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድማችሁ መውሰድ ይገባችኋል። ካርዱ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላልና አትጣሉት።

አሁን ፓስፖርቱን እንክፈት። በውስጡ ያሉት ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አንዱ የተሰጠበት ቀን ነው፤ ሌላው የሚያበቃበት። ማብቂያው ገና ስድስት ወር የቀረው መሆን አለበት። እንዴት እናውቃለን? ለምሳሌ ማብቂያው «14 ማርች 2027» ቢል፣ ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መባቻ ድረስ ላለው ጊዜ ከዓመቱ 8 እንቀንሳለን፤ 2027 ሲቀነስ 8፣ 2019 ይሆናል። ቀኑም መጋቢት 5 ነው። ከመስከረም እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ ደግሞ የምንቀንሰው 7 ነው። አንድ ተማሪያችን «2027» የሚለውን አይተው «ኧረ ገና ብዙ ዓመት አለው!» ብለው ነበር። አይፈረድባቸውም።

ሰዓቱ ግን ከዓመተ ምሕረቱ የበለጠ ያስቸግራል። ይህን የምንለው በራሳችን ደርሶብን ነው። ሦስት ሆነን ናይሮቢ ሄደን ነበር። ለመመለሻ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጥን፤ ቲኬቱ «7:00» ይላል። እኛም ጠዋት ሻይ ጠጣን፣ ገበያ ዞርን፣ ዳቦና ሙዝ ገዛንና በስድስት ሰዓት ተኩል ጣቢያው ደረስን። «አውቶቡሱ የታለ?» ብንል ሠራተኛው ሳቀብን። አውቶቡሱ የሄደው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። በዩኒቨርሲቲ የተማርን ሰዎች፣ አንዲት ቁጥር ማንበብ አቅቶን የቲኬቱ ገንዘብ ቀለጠ። ከገንዘቡ ይልቅ ያስፈራን ሌላ ነገር ነበር። በአንደኛው ጓደኛችን ፓስፖርት ላይ የተፈቀደው ቀን የሚያበቃው በማግስቱ ነው! ከናይሮቢ እስከ ሞያሌ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንደ ዕድል በ10 ሰዓት የሚነሳ ሌላ አውቶቡስ አገኘን፤ ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን በማግስቱ ረፋድ ላይ ድንበሩ ደረስን። ያ ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ደንቡን እንያዝ። በቲኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት ከ6 በላይ ከሆነ 6 እንቀንሳለን፤ 7:00 ብሎ 1 ሰዓት፣ 10:30 ብሎ 4 ሰዓት ተኩል ይሆናል። 6 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 6 እንደምራለን፤ 3:00 ብሎ 9 ሰዓት ይሆናል። የእጅ ሰዓታችሁን ግን አታዙሩት፤ የናይሮቢና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ ልዩነቱ በአቆጣጠሩ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። የስዋሂሊ ተናጋሪም እንደ እኛ ሰዓቱን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። «ሳ ሞጃ» ሲል አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፤ ያውም የእኛው አንድ ሰዓት! «ሳ ምቢሊ» ሁለት ሰዓት፣ «ሳ ታቱ» ሦስት ሰዓት ነው። የአፉ ቋንቋ ከእኛ ጋር ይስማማል፤ የሚለየን በእንግሊዝኛ የተጻፈው ቲኬት ነው። በዚያን ቀን ቲኬት ሻጩን በስዋሂሊ ጠይቀነው ቢሆን ኖሮ ባላመለጠን ነበር። ስለዚህ ጥቂት ቃል ያዙ። ሰላምታ «ሀባሪ» ነው፤ መልሱ «ንዙሪ»። «አሳንቴ» አመሰግናለሁ፣ «ማጂ» ውኃ፣ «ሀፓና» የለም ወይም አይሆንም፣ «ቤይ ጋኒ?» ዋጋው ስንት ነው? ማለት ናቸው። ሰባት ቁጥር «ሳባ» ነው፤ እሱስ ከእኛው ሰባት ብዙም አይርቅ። ኦሮምኛ የሚችል ሰው ደግሞ ቦረናዎች ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ስለሚኖሩ እስከ ማርሳቢትና ኢሲዮሎ ድረስ የሚያወራው አያጣም።

በኬንያ መኪና የሚሄደው በመንገዱ ግራ በኩል ነው። እኛ ስናቋርጥ በልማድ መጀመሪያ ወደ ግራ እንመለከታለን፤ እዚያ ግን መኪናው ከቀኝ ይመጣል። መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ። ሕፃን ያላችሁ እጁን ያዙ።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ፌስታል አትያዙ! ኬንያ ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም በሚሊዮን የሚቆጠር ሽልንግ ወይም እስር ሊደርስ ይችላል። በሶውንና ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት ወይም በዘንቢል አድርጉት። እናቶች «ለቆሎ መያዣ ፌስታል ሰው ይታሰራል?» ብለው ሳቁብን፤ ሕጉ ግን ሕግ ነው።

ገንዘቡ ሽልንግ ይባላል። ከድንበሩ ከተማ ካለፋችሁ በብር የሚሸጥላችሁ አታገኙም፤ ከአገር ይዞ መውጣት የሚፈቀደው ብርም የተወሰነ ስለሆነ ከባንክ ጠይቁ። በመንገድ ላይ «እኔ ልመንዝርላችሁ» ለሚል ሰው አትስጡ። ኬንያውያን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኤም-ፔሳ በሚባለው መንገድ በስልክ ይከፋፈላሉ፤ ጉሊት ቸርቻሪዋ እንኳ በስልክ ትቀበላለች። የስልክ ቁጥር ለማውጣትም ፓስፖርት ይጠየቃል።

የሚታየው ነገር ብዙ ነው። በማርሳቢት ተራራ ደን ውስጥ ዝሆኖች አሉ። ከነሱ አንዱ፣ አሕመድ የተባለው ጥርሱ መሬት ሊነካ የሚደርስ ዝሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ትእዛዝ እንዳይገደል ጥበቃ ተደርጎለት ነበር፤ ከሞተ በኋላ ምስሉ በናይሮቢ ሙዚየም ቆሟል። ናይሮቢ ከከተማው ጥግ አንበሳ የሚኖርበት ፓርክ አላት። ከዚያ እስከ ሞምባሳ ባሕር በ2009 ዓ.ም. በተከፈተው ባቡር መሄድ ይቻላል። በባሕሩ ዳር ወባ ስላለ አጎበር ያለበት ክፍል ጠይቁ።

የነጋዴው የወንድም ልጅ ከወራት በኋላ ተመለሰ። አሁን ከኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ሳምንት የፓስፖርት ማመልከቻ ቅጽ ይዞ መጥቶ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም በራሱ እጅ ሞላ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተሳሳተ፤ የትውልድ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፎ ቅጹ የሚፈልገው የፈረንጁን ነበር። አብረን አስላነው።

መልመጃ

ሀ. ቲኬት ላይ «8:30» ተጽፏል፤ ጊዜው ጠዋት ነው። በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
ለ. ፓስፖርት ላይ «ኖቬምበር 2026» ቢል ዓመቱ በእኛ ስንት ነው? ከስንት ይቀነሳል?
ሐ. በመግቢያው ማኅተም 30 ቀን ተፈቅዶላችሁ መጋቢት 5 ቀን ገብታችኋል። የገባችሁበትን ቀን አንድ ብላችሁ ብትቆጥሩ ሠላሳኛው ቀን መቼ ነው?
መ. አንድ ሰው ፓስፖርት ሳይኖረው «ቪዛ አያስፈልግም» ብሎ ሊነሳ ነው። ምን ትሉታላችሁ? በሦስት መስመር ጻፉ።