የኑግ ዘይት፦ ይዘቱና ለጾመኛ ቤተሰብ ያለው ጥቅም

ዐቢይ ጾምን፣ ጾመ ነቢያትን፣ ፍልሰታንና ሌሎቹን አጽዋማት ከረቡዕና ከዓርብ ጋር ስንደምር የዓመቱን እኩሌታ ያህላሉ። በእነዚህ ቀናት ምእመናን ቅቤና ወተትን ስለሚተዉ ለሰውነታቸው የሚያስፈልገውን ስብ የሚያገኙት ከሞላ ጎደል ከዘይትና ከቅባት እህል ነው። የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት አባቶቻችን ለሰንበቴም ሆነ ለዝክር የሚገዛውን ዘይት ጠባይ ያውቁ ዘንድ ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል።

ኑግ የትውልድ አገሩ ኢትዮጵያ ነው። ከፍሬው ክብደት ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ዘይት ሲሆን፣ እናቶቻችን ቆልተውና ወቅጠው፣ በፈላ ውኃ አማስለው፣ የሚንሳፈፈውን ይቀዱ ነበር። በአገራችን ከሚበቅለው ኑግ የሚገኘው ዘይት ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ ሰውነታችን ራሱ ሊሠራው የማይችል፣ ከምግብ ብቻ የሚገኝ የስብ ዓይነት ነው። በአንጻሩ የፓልም ዘይት እኩሌታው ያህል የሚረጋ ስብ ነው፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ቀዝቃዛ ማለዳ በጀሪካን ውስጥ ሲጋገር የምናየውም ስለዚህ ነው። የሚረጋውን ስብ ቀንሶ በእንደ ኑግ ባለ ዘይት መተካት በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ዝቅ ያደርጋል። ቁም ነገሩ መተካቱ ላይ ነው። በወጡ ላይ ተጨማሪ ዘይት ማፍሰስ ይህን ጥቅም አያስገኝም፤ አንድ ግራም ዘይት ከየትኛውም ፍሬ ቢወጣ 9 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። የኑግ ዘይት ሐኪም ያዘዘውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚያስተው አድርገው የሚናገሩ አሉ፤ ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው።

ኑግ የሚጎድለውም አለ። ኦሜጋ 3 የተባለው ስብ በውስጡ ከኢምንት አይበልጥም። ይህን የሚያሟላው ከጾም ማዕዳችን ያልራቀው ተልባ ነው፤ ከተልባ ዘይት ከእኩሌታው የሚበልጠው ይኸው ስብ ነውና።

የኑግ ዘይት ጥቅሙ የሚመነጭበት ሊኖሌይክ አሲድ ድካሙም እርሱ ነው። ከአየር፣ ከብርሃንና ከሙቀት ጋር ሲገናኝ ፈጥኖ ይበላሻል፤ ሽታው ይከረፋል፣ ጣዕሙም ይመራል። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ዘይት ርካሽ ቢሆንም አይገዛ። ለበዓል የሚያስፈልገው በልኩ ተገዝቶ፣ ክዳኑ ጠብቆ፣ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ሳምቡሳ የተጠበሰበትን ዘይት ወደ ጀሪካኑ መመለስ የቀረውንም ያበላሻል።

ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውና በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት ዐቅም ያለው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ መገኛ ናት። ይሁን እንጂ በአካባቢያችን የሚሸጠው ዘይት ሁሉ ከኑግ የተጨመቀ አይደለም። ገዢው ኮሚቴ ከመለያው ላይ የፍሬውን ዓይነትና የሚያበቃበትን ቀን ያንብብ። መለያ የሌለውን ጀሪካን አለመርጋቱን ብቻ አይቶ ንጹሕ ኑግ ነው ማለት አይቻልም፤ ጥቂት የተቀላቀለ ሌላ ዘይት በዓይን አይለይምና።

ላም ለሚያረቡ አጥቢያዎች አንድ ነገር እንጨምር። ከመጭመቂያ የሚወጣው የኑግ ፋጉሎ በፕሮቲን የበለጸገ መኖ ነው፤ እርጥበት አግኝቶ ከሻገተ ግን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ያፈራል፣ መርዙም በወተቱ በኩል ወደ ሕፃናት ይደርሳል። ስለዚህ ፋጉሎው ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ በደረቁ ይከማች፤ የሻገተውም ለማንኛውም ከብት ሳይሰጥ ይወገድ።