የመጠጥ ውሃችንን ከመፀዳጃ ፍሳሽ እንጠብቅ

ውሃ ሲጠራ ንጹሕ ይመስለናል። የማይሸት፣ ጥርስ የሚያቀዘቅዝ ውሃ ከምንጭ ስንቀዳ "ይህማ ጠበል ነው" እንላለን። እኔም እንደዚያው አስብ ነበር። መጥራትና መንጻት ሁለት ነገር መሆናቸውን ልብ ያልኩት፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይሆን ለማስተማር በተላክሁበት ቀበሌ ነው። የተማርኩትም በገዛ ስሕተቴ ስለሆነ ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ማታ ማታ ፊደል አስቆጥር ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ስለ ጤና እናገራለሁ። አንድ እሑድ "ሜዳ ላይ መፀዳዳት ይቅር፤ እያንዳንዱ ቤት የመፀዳጃ ጉድጓድ ይቆፍር" አልኩ። ሰዉ ሰማኝ። የላይኛው ጎጥ አባወራዎች፣ አፈሩ ለስላሳ ነው ብዬ ባሳየኋቸው ቦታ ተራ በተራ ቆፈሩ። እኔም ጉድጓዶቹን ቆጥሬ በደብተሬ ጻፍኩ፤ ደስም አለኝ። ነገር ግን ያ ቦታ ከምንጩ በላይ ያለ ተረተር ነበር። የምንጩ ውሃ በየት በኩል እንደሚመጣ አንድም ሰው አልጠየቅሁም።

ክረምት ገብቶ መሬቱ ውሃ ሲጠግብ፣ ከዚያ ምንጭ በሚቀዱ ቤቶች የሕፃናት ተቅማጥ በዛ። አንዳንዱ "ብርድ መትቶት ነው" ይላል፤ ሌላው "ጥርስ ሊያወጣ ነው" ይላል። የልጅ ልጃቸው የታመመባቸው አንዲት እናት ግን ከትምህርቱ በኋላ ጠሩኝና፣ "ልጄ፣ አንተ ፊደሉን ታውቃለህ፤ እኛ ደግሞ ውሃችንን እናውቃለን። ይህ ምንጭ የሚመጣው ከዚያ ተረተር ሥር ነው። ላይ ሲዘንብ ታች እንደሚደፈርስ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ታዲያ ያን ሁሉ ጉድጓድ በአናቱ ላይ ታስቆፍርበታለህ?" አሉኝ። "እማማ" ብዬ ጀመርኩና የምለው ጠፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሬት እንደ ወንፊት ነው። ከመፀዳጃ ጉድጓድ የሚወርደው ፍሳሽ በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ፣ በዓይን የማይታዩት የበሽታ ተሐዋስያን ብዙዎቹ በአፈሩ ይያዛሉ፤ ይሞታሉም። አፈሩ ሲሳሳ፣ ድንጋዩ ሲሰነጠቅ ወይም ርቀቱ ሲያጥር ግን ወንፊቱ ቀዳዳ ይሆናል። ክረምት ደግሞ በመሬት ውስጥ ያለው ውሃ ከፍ ይልና የጉድጓዱን ወለል ይነካል። ያን ጊዜ ተሐዋስያኑ ከውሃው ጋር ይጓዛሉ። ውሃው ጥርት እንዳለ ነው፤ ጣዕሙም አይለወጥም።

በማግሥቱ ማታ ለተማሪዎቼ የሩቅ አገር ታሪክ ነገርኳቸው። በእንግሊዝ ዋና ከተማ በለንደን የሆነ ነው። ዘመኑ 1846 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1854)፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘውድ ሊጭኑ 5 ወር ገደማ ሲቀራቸው ነው። በነሐሴ መጨረሻ ብሮድ በሚባል መንገድ ዙሪያ ኮሌራ ገባ። ኮሌራ በተቅማጥና በትውከት የሰውን የሰውነት ውሃ አሟጦ በሰዓታት ውስጥ ሊገድል የሚችል በሽታ ነው። በ10 ቀን ከ500 በላይ ሰው አለቀ። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች እንኳ አብዛኞቹ በሽታው ከመጥፎ ሽታ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ "ብርድ ነው" ያለ ሰው አይሳቅበት።

ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን ውሃውን ጠረጠረ። ሰው ወደ ሞተባቸው ቤቶች እየሄደ "ከየት ትቀዱ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። አብዛኛው መልስ አንድ ሆነ፤ በመንገዱ ላይ ካለው የጉድጓድ ፓምፕ። ርቃ የምትኖር አንዲት መበለትም የዚያን ውሃ ጣዕም ስለምትወድ በየቀኑ በጋሪ ታስመጣ ነበር። በሰፈርዋ ኮሌራ ሳይኖር እርስዋ በኮሌራ ሞተች። በአንጻሩ በዚያው መንገድ በነበረ የቢራ ፋብሪካ ከ70 በላይ ሠራተኞች ነበሩ፤ በኮሌራ የሞተ አልነበረም። ሠራተኞቹ ቢራ ይታደላቸው ነበር፤ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው።

እዚህ ላይ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንድ አዛውንት "እንግዲያው ጠላችንን እንጠጣ!" አሉ። ቢራ ሲጠመቅ ውሃው እንደሚፈላ፣ ጠላ ግን በጥሬ ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ ጣሳውም በዚያው ውሃ እንደሚታጠብ ባስረዳቸው ሳቁ በረድ አለ።

ስኖው ማስረጃውን ይዞ ወደ አጥቢያው ሹሞች ሄደ። በማግሥቱ፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። የአጥቢያው ወጣት ቄስ ሄንሪ ኋይትሄድ ግን በነገሩ አላመነም ነበርና ስሕተቱን ላሳይ ብሎ እርሱም ቤት ለቤት ጠየቀ። በጠየቀ ቁጥር ስኖው ትክክል ሆኖ አገኘው። እንዲያውም የበሽታውን መነሻ አገኘ። ከፓምፑ አጠገብ ባለ ቤት አንዲት ሕፃን ቀደም ብላ በተቅማጥ ታማ ነበር። እናትየዋ የሕፃኗን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ በቤቱ የቆሻሻ ጉድጓድ ትደፋ ነበር። በ1847 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1855) ሲቆፈር የቆሻሻው ጉድጓድ ጡብ በስብሶ ተገኘ። ከመጠጥ ውሃው ጉድጓድ የሚለየው አንድ ሜትር የማይሞላ አፈር ነበር፤ ፍሳሹም ወደ ውሃው ይሰርግ ነበር። የሕፃኗ አባት የታመመው ደግሞ እጀታው በተነቀለበት ቀን ነው። የእርሱም እጣቢ በዚያው ጉድጓድ ተደፍቷል። ፓምፑ ያን ቀን ባይዘጋ ኖሮ ሁለተኛ እልቂት ሊመጣ ይችል ነበር።

እኔን ከሁሉ የደነቀኝ በር ከፍተው የመለሱት እናቶች ናቸው። ሐኪሙ ያለ እነርሱ ምንም አያውቅም ነበር። የእኛዎቹም ተማሪዎች ይህን ከሰሙ በኋላ ደብተር ይዘው ተነሡ። በአንድ በኩል የባለቤቱን ስም፣ በሌላ በኩል የሚቀዱበትን ቦታ፣ ቀጥሎ የታመመ ሰው መኖር አለመኖሩን ጻፉ። ፊደል የቆጠሩት በዚያው ዓመት ነው! ከወንዙ ማዶ ካለው ምንጭ በሚቀዱት ቤቶች የታመመ ጥቂት ነበር፤ ከተረተሩ ሥር በሚቀዱት ግን ገጹ ሞላ።

ደብተሩ በቀበሌው ስብሰባ ሲነበብ ጠብ ተነሣ። የላይኛው ጎጥ ሰዎች ተቆጡ። "ቆፍሩ ያልከን አንተ! ድፈኑ የምትለንም አንተ! የወጣውን ጉልበት ማን ይመልሳል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በሁሉ ፊት ተናገርኩ። በመጨረሻ የታችኛው ጎጥ ሰዎች ዶማና አካፋ ይዘው በደቦ መጡ፤ አዲሶቹን ጉድጓዶች አብረን ቆፈርን። መዳፌ እስኪላጥ ቆፈርኩ።

አዲሱ ቦታ ከምንጩ በታች ነው። ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር፣ በረጅም እርምጃ 40 ያህል፣ እንዲርቅ አደረግን። ድንጋዩ የተሰነጠቀ አገር ከሆነ 30 ሜትርም ላይበቃ ይችላል። የጉድጓዱ ወለል በክረምት እንኳ ከመሬት ውሃ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ማለት አለበት። አሮጌዎቹን በአፈር ደፍነን ጉብታ አደረግንባቸው። ከምንጩ በላይ ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ ቀደድን፤ ዙሪያውን አጠርን፤ ከብት ከታች እንዲጠጣ ተደረገ። የምንጩን ዓይን በድንጋይና በሲሚንቶ ለመክደን የባለሙያ ምክር ጠይቀናል።

የተደፈነ ጉድጓድ ወዲያው አይጠራም። እስከዚያው ውሃው መፍላት አለበት። ደጋ ላይ ከተንፈቀፈቀ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። "አፍሉ" ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ እንጨቱን የሚሸከሙት ግን ሴቶቹ ናቸው። ስለዚህ ከጤና ኬላ የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ማግኘትም ይቻላል። መጠኑ በመያዣው ላይ ተጽፏል፤ እንግዲህ ማንበብ ችላችኋል፣ ራሳችሁ አንብቡት። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን በንጹሕ ውሃ በጥብጦ እያጠጡ ወደ ጤና ኬላ መውሰድ ነው። ኮሌራ የጥንት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ በባሌ ዞን ተነሥቶ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተዛምቷል።

ይህን ስጽፍ አንድ ጉድጓድ ገና አልተደፈነም። ባለቤቱ "መኸሩ ይግባና" ይላሉ። ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶች ማልደው በደጃቸው ሲያልፉ "እንደምን አደሩ?" ይሉና "መቼ ነው ታዲያ?" ብለው ይጠይቋቸዋል።

ለውይይት፦ የእናንተ ምንጭ በየት በኩል ይመጣል? ከበላዩ ምን አለ? ከቅርቡ መፀዳጃ ስንት እርምጃ ይርቃል? ሄዳችሁ ቁጠሩና በደብተራችሁ ጻፉ።