ጃዝን እንዴት እናዳምጥ?

ጃዝ የሚባለው ሙዚቃ ብዙ ሰው ስሙን እየሰማ ጠባዩን ሳይመረምር የሚያልፈው ነገር ነው። አንዳንዱ ጫጫታ ነው ይለዋል፤ ሌላው ደግሞ ዐዋቂ መስሎ ለመታየት ብቻ ያደንቀዋል። እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ ከፊተኞቹ ወገን ነበርሁ። በዚህ አጭር ጽሑፍ አንድ አልበምና ሁለት ዘጋቢ ፊልሞችን ምሳሌ አድርጌ፥ ስለ ጃዝ አደማመጥ የተማርሁትን ለመግለጽ እሞክራለሁ። ዘመኖቹ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አልበሙ የተቀረጸው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ቴሎኒየስ ሞንክ በ1917 በሰሜን ካሮላይና ተወልዶ በኒው ዮርክ ያደገ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በ1982 ዐረፈ። ዳኒ ሸር የተባለ የ16 ዓመት ተማሪ ይህን ስመ ጥር ሰው ከነጓዶቹ በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ወደ ፓሎ አልቶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጋበዘና፥ ኮንሰርቱ ኦክቶበር 27 ቀን 1968 ተደረገ።

ጊዜው ክፉ ነበር። በዚያው ዓመት በአፕሪል 4 ቀን የማርቲን ሉተር ኪንግ መገደል ያስነሣው ቁጣ ገና አልበረደም። ፓሎ አልቶ የሚበዛው ነዋሪዋ ነጭ ሲሆን፥ ጎረቤቷ ምሥራቅ ፓሎ አልቶ ግን የብዙ ጥቁሮች መኖሪያ ነበረች፤ እንዲያውም ስሟ ተለውጦ ናይሮቢ እንድትባል የሚሹ ነዋሪዎች ነበሩ። ሸር ማስታወቂያውን በሁለቱም ሰፈር ለጠፈ። የምሥራቅ ፓሎ አልቶ ሰዎች ግን ሞንክ ወደዚያ ትምህርት ቤት መምጣቱን ስለ ተጠራጠሩ፥ በዓይናቸው እስኪያዩት ድረስ ውጭ ቆመው ጠበቁ። ካዩት በኋላ ቲኬት ገዝተው ገቡ፤ ሁለቱም ወገን ባንድ አዳራሽ ተቀመጠ።

የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ፥ ኮንሰርቱን እንዲቀርጽ ቢፈቀድለት ፒያኖውን ሊቃኝ ተስማማ። ቃሉንም ፈጸመ። ቴፑ ብዙ ዓሥርተ ዓመታት ከቆየ በኋላ በ2020 «ፓሎ አልቶ» ተብሎ አልበም ሆኖ ወጣ። ርዝመቱ 47 ደቂቃ ያህል ነው።

ይህን አልበም መጀመሪያ ስሰማው ፒያኖው የተሳሳተ መሰለኝ። ሞንክ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት ቁልፎች ባንድነት ይመታል፤ ደግሞም ድምፅ በሚጠበቅበት ቦታ ዝም ይላል። አባቴ ከሚቀጥለው ክፍል ሆነው «ይህ ሰውዬ ፒያኖ ገና እየለመደ ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔም በልቤ፥ እውነታቸውን ነው አልሁ።

ነገሩ የገባኝ መቍጠር ስጀምር ነው። በአልበሙ ውስጥ «ብሉ ሞንክ» የተባለው ዜማ ብሉዝ በሚባለው ሥርዓት የተሠራ ነው። በዚህ ሥርዓት አንዱ ዙር 12 ክፍል፥ እያንዳንዱም ክፍል 4 ምት አለው፤ ስለዚህ 48 ምት ሲሞላ ዙሩ ያልቅና እንደ ገና ይጀመራል። በመጀመሪያ ዋናው ዜማ ይሰማል። ቀጥሎ ተጫዋቾቹ በየተራቸው በዚያው ዙር ላይ ያልተጻፈ አዲስ ዜማ እዚያው ይፈጥራሉ፤ በመጨረሻም ሁሉም ወደ ዋናው ዜማ ይመለሳሉ። ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ስቈጥር፥ የቻርሊ ራውዝ ሳክስፎን የቱንም ያህል ርቆ ቢሄድ በዙሩ መግቢያ ላይ ከእኔ ጋር ይገናኝ ነበር። የቅኔ ተማሪ የቤቱን ልክ ሳያፈርስ በየጊዜው አዲስ ቅኔ እንደሚቈጥር፥ የጃዝ ተጫዋችም ነፃነቱን የሚያገኘው በሥርዓቱ ውስጥ ነው። የሞንክ ዝምታም ቢሆን በምቱ የተለካ እንጂ መርሳት አይደለም።

በሌላ ቀን አባቴን «አባባ፥ እስኪ አብረን እንቍጠር» ብዬ አስቀመጥኋቸው። በሦስተኛው ዙር ላይ እጃቸውን አንሥተው «አርባ ስምንት ሞላ!» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሰውዬው መልመድ አላነሡም።

ከዚህ በኋላ ፊልሞቹን ፈልጌ አየሁ። ሻርሎት ዝዌሪን በ1988 ያወጣችው «ስትሬት ኖ ቼዘር» የተባለው ፊልም በ1967ና በ1968 የተነሡ ሥዕሎችን ይዞ ሞንክን በሥራ ላይ ያሳያል፤ ሌሎቹ ሲጫወቱ እርሱ ከፒያኖው ተነሥቶ ይሽከረከራል። ሁለተኛው አሌን ጎሚስ በ2022 ያወጣው «ሪዋይንድ ኤንድ ፕሌይ» ነው፤ የተሠራውም በ1969 በፓሪስ ለፈረንሳይ ቴሌቪዥን ከተቀረጸው ነው። በዚህ ፊልም ጠያቂው ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ያነሣል፤ ሞንክ በ1954 ወደ ፓሪስ በመጣ ጊዜ የተከፈለው ገንዘብ ማነሱን ሲናገር ግን፥ ይህ ይቅር ይባላል። የጽዳት ሠራተኛውና የቴሌቪዥኑ ሰው ሁለቱም አንድን ሰው ቀረጹ፤ እስከ መጨረሻው የሰማው ግን የፊተኛው ነው።

በሌላው ከመፍረዴ በፊት ግን የራሳችንን ልናገር። ባለፈው ዓመት በወላጆች ቀን አንድ የክፍል ጓደኛችን በአዳራሻችን ክራር ተጫወተ። ብዙዎቻችን ስልካችንን አውጥተን ጥቂት ጥቂት ቀረጽን፤ እስከ መጨረሻው የቀረጸ ግን አልነበረም፤ ያቺኑም ቦታ ጠበበን ብለን አጠፋናት። ጓደኛችን ዛሬ ከቤተ ሰቡ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፤ ዜማውም ካንዳችን ዘንድ የለም።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ጃዝን ለማዳመጥ ሦስት ነገር ይበቃል፤ ዋናውን ዜማ መያዝ፥ ዙሩን መቍጠር፥ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው መስማት። ሦስተኛው ለጃዝ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ በወላጆች ቀን አንድ ሰው መቅረጫ ይዞ ከፊት ወንበር እንዲቀመጥ ለሙዚቃ ክበባችን አሳስቤአለሁ፤ ሌላ ሰው ባይገኝ እኔ እቀመጣለሁ።