ስለ ወፍራም የማተሚያ ፊደል

እያንዳንዱ የፊደል ዓይነት የየራሱ ሥራ አለው። ይህን ያስተማረኝ የገዛ ስሕተቴ ነው።

«ኩፐር ብላክ» የተባለውን ወፍራም የላቲን ፊደል የነደፈው አሜሪካዊው ኦስዋልድ ኩፐር ነው። ባርንሃርት ብራዘርስ ኤንድ ስፒንድለር የተባለው የፊደል ሠሪ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1922 ለአታሚዎች አቀረበው። ጭረቶቹ እጅግ ወፍራም ናቸው፤ በየጫፋቸው ያሉት ትናንሽ እግሮችም ሹል ሳይሆኑ ክብ ናቸው። ስለዚህ ከሩቅ ይታያል፤ ቢከብድም ዓይን አያስደነግጥም። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» የሸክላ ሽፋን የተጻፈው በዚሁ ፊደል ነው።

ይሁን እንጂ ጭረቱ በወፈረ መጠን በፊደሉ ሆድ ውስጥ ያለው ባዶ ቦታ ይጠብባል። ፊደሉ በደቃቁ ሲታተም ያንን ቦታ ቀለም ይሞላዋል።

ባለፈው ዓመት የእንግሊዝኛ ክበባችን ቴአትር ሲያሳይ ማስታወቂያውን በኮምፒዩተር ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ። ርእሱንም ሰዓቱንም በኩፐር ብላክ ጻፍሁ፤ ሰዓቱን ግን በደቃቁ። በፎቶ ኮፒ ሲባዛ የ3 ቁጥር 8 መሰለ። ለአባቴ ወረቀቱን ሰጥቼው ስለ ነበር ሰዓቱን በቃል አልነገርሁትም። ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ በ8 ሰዓት ቢመጣ ያገኘው ባዶ አዳራሽ ነው። እርሱ ምንም አልተናገረኝም፤ እኔ ግን አፈርሁ።

ዘንድሮ ርእሱን ብቻ በወፍራሙ፣ የቀረውን በቀጭን ፊደል አደረግሁ። አባቴም በሰዓቱ ከፊት ወንበር ተቀመጠ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ነጋሪት ሕዝብ ይሰበስባል እንጂ አዋጁን አያነብም። ወፍራም ፊደልም እንዲሁ ነው።