አዲስ ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌውን አንብቡት

አብዛኞቻችን የምንነዳው ከሁለትና ከሦስት ሰው እጅ ወጥታ የደረሰችን መኪና ነው። እኔ ባለፈው ዓመት የፊት ሁለት ጎማዎች ሳስቀይር ባለሙያው «አላይመንትም ይሠራላት?» ሲለኝ ገንዘብ ለመቆጠብ ብዬ «ይቅርብኝ» አልኩት። ስምንት ወር ሳይሞላ ለዘይት ቅያሪ መኪናዋ ወደ ላይ ስትነሳ፣ የቀኙ ጎማ በውስጥ በኩል ሊሾ ሆኖ ሽቦው ብቅ ብሎ አየሁ። ከውጭ ለሚያየው ግን ገና አዲስ ጎማ ነበር። በዚያው ሳምንት ዝናብ ላይ በሃይዌይ ስበር ነበር።

ለመሆኑ ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ለምን ይበላል?

ቆማችሁ እግራችሁን ተመልከቱ። ጣቶቻችሁ ትንሽ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሊዞሩ ይችላሉ። ጎማም እንደዚሁ ነው፤ ቶ የሚባለው ይህ ነው፣ ቃሉም በእንግሊዝኛ የእግር ጣት ማለት ነው። ካምበር ደግሞ መኪናዋን ከፊት ለፊት ስታዩ የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ ነው። ካስተር የሚባል ሦስተኛ አንግል አለ፤ መሪው ከታጠፈ በኋላ ራሱ ወደ ቀጥታ እንዲመለስ ያደርጋል እንጂ ጎማ በመብላት ብዙም አይታማም።

ዋናው ጎማ በሊታ ቶ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። ዲያሜትሩ 650 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ የፊት ጠርዙ ከኋላ ጠርዙ በ3 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ጎን ቢዞር፣ 3ን ለ650 ስናካፍል 0.0046 ይሆናል። አንግሉ ሩብ ዲግሪ ያህል ነው፤ በዓይን አይታይም። ነገር ግን መኪናዋ 1 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብላ ስትሄድ ያ ጎማ 4.6 ሜትር ወደ ጎን ይጎተታል። በ10,000 ኪሎ ሜትር 46 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ከፊሉን ላስቲኩ በመለጠጥ ይችለዋል፤ የቀረው ጎማውን አስፋልት ላይ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። የአዲስ ጎማ ጥርስ ጥልቀት ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጎማውን በእጃችሁ ዳስሱት። መዳፋችሁን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አሂዱት። በአንዱ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዛችሁ ቶ ተበላሽቷል። አንዱ ጠርዝ ብቻ ለስልሶ ካለቀ ካምበር ወይም ቶ ነው። ሁለቱም ጠርዞች አልቀው መሐሉ ከተረፈ ጎማው አየር አንሶታል፤ መሐሉ ብቻ ካለቀ በዝቶበታል። ትክክለኛው የአየር መጠን በሾፌሩ በር መግቢያ ላይ የተለጠፈው ነው እንጂ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው አይደለም፤ ያኛው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ ልክ ነው። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ጎድጎድ ካለ ግን ሾክ አብዞርበሩን ጠርጥሩ።

አንድ የተለመደ ስህተት አለ። በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አካባቢ መሪው የሚንቀጠቀጥበት ሰው ሄዶ አላይመንት ያሠራል፤ መንቀጥቀጡም አብሮት ይመለሳል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ ችግር ነው። አላይመንት የሚፈልገው መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ስትስብ ወይም ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ መሪው ዞሮ ሲቆም ነው። መሳቡ ከራሱ ከጎማው ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አየሩን አስተካክሉ፣ ካልጠፋ የግራና የቀኙን የፊት ጎማ አቀያይሩ፤ አቅጣጫው ከተለወጠ ጥፋቱ የጎማው ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሽከረከር የተሠራና ጎኑ ላይ ቀስት ያለበት ጎማ ግን አይቀያየርም።

የእኔ ችግር በአላይመንት ብቻ የሚፈታ አልነበረም። መካኒኩ ጎማውን በግራና በቀኝ ይዞ ሲነቀንቀው ተንቀሳቀሰ፤ የመሪው ዘንግ ጫፍ፣ ታይ ሮድ የሚሉት፣ ላልቶ ነበር። ከላይና ከታች ተይዞ ሲነቀነቅ የሚላወስ ከሆነ ደግሞ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። የላላ ዕቃ እያለ የሚሠራ አላይመንት የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይፈርሳል። ይህን ሙከራ ራሳችሁ ስታደርጉ መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተደግፋ እንዳትሆን፤ መቆሚያ አድርጉላት።

ስትከፍሉ ከማሽኑ የሚወጣውን ወረቀት ጠይቁ፤ ከሥራው በፊትና በኋላ የነበሩት ቁጥሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። እንደ ኮሮላ ባሉ ብዙ ትንንሽ መኪኖች ፊት ላይ በቀላሉ የሚስተካከለው ቶ ብቻ ስለሆነ ካምበሩ ቀይ ሆኖ ቢቀር ባለሙያው አታለለኝ አትበሉ፤ ግን ለምን እንደቀረ ጠይቁት።

አሜሪካ ላላችሁ የ25 ሳንቲም መለኪያ ትበቃለች። የዋሽንግተንን ራስ ቁልቁል አድርጋችሁ ጥርሱ ውስጥ ክተቱት፤ አናቱ ከታየ ከ4/32 ኢንች በታች ቀርቶታል፣ ዝናብ ላይ አትመኑት። አውሮፓ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙራችሁ በውስጠኛው ጠርዝም ለኩት፤ እኔ ያላየሁት እሱን ነው።