ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የቅርብ እይታ ለምን ይደክማል?

እ.ኤ.አ. በ2005/06 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ሥውር ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የሞራ ግርዶሽ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ መተካት። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይህን በለንደን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1949 ነበር።

ታዲያ በመንዝ፣ በግሼ ወይም በመርሐቤቴ አንድ አዛውንት ቄስ ታክመው ማዶ ያለውን በግ እየቆጠሩ ዳዊታቸውን ማንበብ ቢያቅታቸው ምን ይላሉ? «አልዳንኩም» ይላሉ። ለባና ሱፍ የሚፈትሉ እናትም ክሩ ካልታያቸው እንደዚሁ ነው። ጎረቤት ይህን ሰምቶ ከሕክምና ይቀራል። ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የወጣት ዓይን ሌንስ ቅርብ ሲያይ ይወፍራል፤ የተለመደው ሰው ሠራሽ ሌንስ ቅርጹን አይለውጥም። ለሩቅ ከተስተካከለ በ40 ሳ.ሜ. ለማንበብ 1÷0.40 = 2.5 ዳይኦፕተር ይጎድለዋል።

በቀዶ ሕክምና ማረም ይቻላል ወይ? ይቻላል፣ መንገዱም ከአንድ በላይ ነው፦

1ኛ. ሞኖቪዥን፦ አንዱ ዓይን ለሩቅ፣ ሌላው ለቅርብ ይስተካከላል።

2ኛ. መልቲፎካል ሌንስ፦ ብርሃኑን ለሩቅና ለቅርብ ያካፍላል። ዋጋው ውድ ነው፤ ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ሊያሳይ ይችላል። ትራኮማ ኮርኒያውን ላጠባሰበት ሰው አይመከርም።

3ኛ. የገባውን ሌንስ መቀየር፦ ወራት ካለፉ ሌንሱ ከከረጢቱ ጋር ስለሚጣበቅ አደጋው ይጨምራል።

እንግዲህ አንድ ዓይናቸው ታክሞ ሩቁን አጥርተው ለሚያዩ ቄስ ዳግመኛ ያንኑ ዓይን መክፈት አያስፈልግም። የማንበቢያ መነጽር ይበቃል። ሁለተኛው ዓይን ደግሞ ሞራ ካለበት ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ የዓይኑ ርዝመትና የኮርኒያው ጉብጠት ተለክቶ፣ እሳቸውም ከተስማሙ፣ ወደ -2 ዳይኦፕተር ቢስተካከል በ50 ሳ.ሜ. ያለ መነጽር ያያሉ።

ልብ እንበል፤ ሩቁም ቅርቡም አብሮ ከደበዘዘ ነገሩ ሌላ ነው። የሌንሱ ከረጢት ደፍርሶ ወይም ሬቲና ታሞ ሊሆን ስለሚችል ወደ ዓይን ሐኪም መላክ አለበት።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ሥራዎ ምንድን ነው? ቅርብ የሚያዩት ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅና መነጽር ሊያስፈልግ እንደሚችል አስቀድሞ መንገር የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።